መሐሉ የተላጨ ጎማ

ለቡ መብራት ኃይል ስትደርሱ ፎቆቹን ተዉትና ዳር ላይ የቆሙትን ሞተሮች የኋላ ጎማ እዩልኝ። እኔስ አይቼ ጉድ አልኩ! የአንዱ መሐሉ ተላጭቷል፤ የሌላው ዳርና ዳሩ አልቋል። ንፋስ የበዛበት ጎማ አስፋልቱን በመሐሉ ብቻ ይረግጣል፤ ቀጥ ያለ መንገድ ሲደጋገምም እንዲሁ። ንፋስ ያነሰው ግን ተጨፍልቆ ዳርና ዳሩ ይበላል። ባንድ ጎኑ ብቻ ካለቀስ? ካቴናው ሲወጠር ጎማው ተጣሞ ታስሮ እንዳይሆን የግራና የቀኙን ምልክት አስተያዩ።

«ስንት ልሙላ?» አለ አንድ ጎሚስታ።

«ጠንከር አድርጋት!» አለ ወጣቱ ሞተረኛ።

ኧረ ወንድሜ! ልኩ እኮ በሞተሩ መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ ለብቻ ሲነዳና ሰው ሲጫን ይለያያል። የሚለካውም ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ከለቡ ጣቢያ ወደ ድሬዳዋ የሚነሳው፣ በ2010 ዓ.ም. መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው ባቡር ሐዲድ አለው። የሞተረኛ ሐዲዱ ግን መዳፍ የምታህል የጎማ ገጽ ናት። ጥርሷ ካለቀ ክረምት ላይ ውሃውን አትገፋም፤ ፍሬን ሲያዝ ትንሸራተታለች። ከኋላ የተቀመጠችው እህታችን ምን በደለች? ጎማስ ይገዛል፤ እግር የሚሸጥ ሱቅ ግን የት አለ?