መሬቱም የሚጫወትበት ጨዋታ

ጋምቤላ ውስጥ ኳስ ማለት እግር ኳስ ነው፤ ቀጥሎ ቅርጫት ኳስ። ከበር መቃን የሚረዝም ጎረምሳ በሞላበት ከተማ ይህ አይገርምም። እኔም ከደጋ ለሥራ ወርጄ ባሮ ዳር ቤት ስከራይ፣ በዱላ ከሚመታ ኳስ የማውቀው ገናን ብቻ ነበር። ክሪኬትን በስም የሰማሁት ከአባቴ ነው። በንጉሡ ዘመን ሒሳብ ያስተማሩት ህንዳዊ መምህር እሑድ እሑድ ከአገራቸው ልጆች ጋር ይጫወቱ እንደነበር ሲያወራ፣ “ቆመው ይውላሉ፤ ማን እንዳሸነፈ ግን አይታወቅም” ይል ነበር።

የክሪኬት ባለቤቶች እንግሊዞች በ1894 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ከፍተው፣ ሱዳን ነፃ እስክትወጣ ድረስ በእንፋሎት መርከብ ጨው እያስገቡ ቡና ሲያወጡ ኖረዋል። ክሪኬትን ለእኔ ያመጡልኝ ግን እነሱ ሳይሆኑ፣ እነሱ ያስተማሯቸው ህንዶች ናቸው።

2003 ዓ.ም. ነው። ያኔ የጋምቤላ ወሬ ሁሉ መሬት ነበር። ከባንጋሎር የመጣው ኩባንያ ካሩቱሪ 100 ሺህ ሄክታር ተዋውሏል፤ ሳዑዲ ስታር አቦቦ ላይ በአልዌሮ ግድብ ውሃ ሩዝ ሊያለማ 10 ሺህ ሄክታር ይዟል። ከተማው በህንድና በፓኪስታን ባለሙያዎች ተሞላ። ከእኔ ግቢ ቀጥሎ የተከራዩት ህንዶች ሲሆኑ አለቃቸው አንድ የትራክተር መካኒክ ነው። ስሙን ማንም አይጠራውም፤ ለሰፈሩ ሁሉ “ሚስተር” ነው።

ሙቀቱ ሲበርድለት፣ ወደ 11 ሰዓት ገደማ፣ ሚስተርና ጓደኞቹ ከግቢው ጀርባ ካለው ገላጣ ላይ ይወጣሉ። አንድ የቢራ ሳጥን ያቆማሉ፤ እሱ ዊኬት፣ ማለትም የወርዋሪው ዒላማ ነው። ኳሳቸው የቴኒስ ኳስ ሆኖ፣ ኤሌክትሪሺያን በሚጠቀምበት ጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ሚስተር አንዳንዴ ናስትሮውን ከግማሹ ላይ ይልጠውና በአንድ ወገን ብቻ ይተወዋል፤ ያን ጊዜ ኳሱ አየር ላይ ሳለ ወደ ጎን ይታጠፋል። ልጆቹ ጥንቆላ ነው ብለው ይሳሳቁ ነበር።

መጋቢት ላይ የአንድ አኙዋ ወዳጄ አጎት ከሚኒሶታ መጡ። ብዙ አኙዋዎች በስደት ካምፕ በኩል አልፈው የሰፈሩት እዚያ ነው። ጋሼ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ሲመጡ ይዘው የመጡት ሰማያዊ ኮፍያ የቤዝቦል ቡድናቸው የሚኒሶታ ትዊንስ ነው። ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር ማየት ጀምረው፣ ኋላ ያለ እሱ የማይሆንላቸው ሆኑ። ገላጣው ላይ ዱላና ኳስ ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ተናደዱ።

“መታ እኮ! ለምን አይሮጥም?”

ሚስተር መለሰላቸው። እሳቸው አልገባቸውም። የህንዱ እንግሊዝኛ ለአሜሪካው፣ የአሜሪካው ለህንዱ አልጥም አለና፣ እንግሊዝኛን ከእንግሊዝኛ የማስተርጎሙ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። ምናልባት ክሪኬትን የተማርኩት በዚሁ ምክንያት ይሆናል።

በቤዝቦል ኳሱ ክልሉ ውስጥ ከተመታ መሮጥ ግዴታ ነው። ሦስት ጊዜ ከሳቱ ደግሞ ይወጣሉ። በክሪኬት ግን መሮጥ አለመሮጥ የመቺው ፈቃድ ነው። ካሻው ዱላውን አስደግፎ ኳሱን እግሩ ሥር ያሳርፍና ቆሞ ያያል። ከክልል ውጪ የሚባል ነገርም የለም፤ ወደ ኋላው ቢጠልዘውም ነጥብ ነው። መቺዎቹ ሁለት ናቸው፤ 20 ሜትር ያህል ተራርቀው በሁለት ጫፍ ይቆማሉ፤ ኳሱ ርቆ ሲሄድ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ አንድ መለዋወጥ አንድ ነጥብ ነው። ኳሱ እየተንከባለለ ዳር ካለፈ 4፣ መሬት ሳይነካ ካለፈ 6። ወርዋሪው 6 ኳስ ጥሎ ለሌላ ይለቃል፤ ቀጣዩም ከሌላኛው ጫፍ ይጀምራል።

“መሬት ላይ ማንጠሩስ?” አሉ ጋሼ። “ድክመት ነው!”

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የቤዝቦል ኳስ ከወርዋሪው እጅ ወጥቶ በአየር ብቻ ነው የሚጓዘው። የክሪኬቱ ወርዋሪ ሮጦ ይመጣና ክርኑን ሳያጥፍ ክንዱን ከትከሻው አዙሮ ይለቃል፤ ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ነጥሮ ነው የሚደርሰው። እንግዲህ የጋምቤላን ጥቁር አፈር አስቡት፤ በበጋ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይኖረዋል። ኳሱ የስንጥቁ ጠርዝ ላይ ካረፈ ይዘላል፤ መሐሉ ከገባ ይሞታል። ሚስተር ማታ ማታ በጀሪካን ውሃ ያጠጣው ነበር። ጠዋት ደግሞ ይንበረከክና ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፤ አፈሩ የሚመልስለትን ያዳምጥ ይመስላል። ለአምስት ቀን በሚዘልቀው ትልቁ ግጥሚያ ሜዳው ሲሻክርና ሲሰነጠቅ፣ በመጀመሪያው ቀን ፈሪ የነበረው፣ ኳሱን አሽከርክሮ የሚጥለው ወርዋሪ በመጨረሻው ቀን ይነግሣል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ስንጥቁን ሊያዩ ጎንበስ አሉ።

መጋቢት 21 ቀን ህንድና ፓኪስታን ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሞሃሊ ላይ ገጠሙ። ከአቦቦ የመጡ ፓኪስታናውያን አንድ ዲሽ ያለበት ክፍል ውስጥ ከህንዶቹ ጋር ተደባልቀው ተቀመጡ። ህንድ በ29 ነጥብ አሸነፈች፤ ሻይ የጋበዙት ፓኪስታናውያኑ ናቸው። ህንድ ሙምባይ ላይ ከስሪላንካ ለፍጻሜ በገጠመችበት መጋቢት 24 ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ ጀነሬተሩ አላረፈም። ስሪላንካ 274 አስቆጠረች። ህንድ ተራዋ ሲደርስ ሴህዋግ በሁለተኛው ኳስ፣ ያለ አንድ ነጥብ፣ ወጣ። ሳቺን ቴንዱልካርም 18 ላይ ተከተለው። ክፍሉ የለቅሶ ቤት ሆነ።

“ምን ሆናችሁ? በሚቀጥለው ዙር ይመለስ የለ?” አሉ ጋሼ።

አይመለስም። ለእሳቸው ከሁሉ የከበዳቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም። የቤዝቦል መቺ ከአሥር ጊዜ ሰባቱ ቢከሽፍበት እንኳ ጎበዝ ይባላል፤ በዘጠኙ ዙር ውስጥ ተራው ደጋግሞ ይደርሰዋል። የክሪኬቱ አንዴ ከወጣ ለዚያ ተራ አበቃለት። ቆሞ መዋሉ ከፍርሃት አይደለም፤ ስለዚህ ነው። አውስትራሊያዊው ዶን ብራድማን በአንድ መውጣት በአማካይ 99.94 ነጥብ አስመዝግቦ ነው የተሰናበተው። በመጨረሻ ግጥሚያው 4 ነጥብ ብቻ ቢጨምር ድፍን 100 ይሆንለት ነበር፤ ያለ አንዳች ነጥብ ወጣ። ይህን ስነግራቸው ጋሼ “እንዴት ያለ ጭካኔ ነው” አሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አላነሱም።

ሌላው የህንድ መቺ ጋምቢር 97 ላይ ወጣ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ባልደረባው ዶኒ የመጨረሻዋን ኳስ ወደ ሙምባይ ሰማይ ላካት፤ 6! ከህንዶቹ ቀድመው የተነሡት ጋሼ ናቸው፤ በቤዝቦል ቋንቋ “ሆም ረን!” እያሉ። ከ1983 እ.ኤ.አ. ወዲህ 28 ዓመት የተጠበቀ ዋንጫ ነበርና ሚስተር አቀፋቸው፤ ቃሉንም አላረማቸውም።

ለነገሩ ሁለቱ ጨዋታዎች ዘመዳሞች ናቸው። በአገሮች መካከል የተደረገው የመጀመሪያው የክሪኬት ግጥሚያ በ1844 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ፣ አሜሪካ ከካናዳ ነው። የሲንሲናቲን ዝነኛ የቤዝቦል ቡድን ያደራጀው ሃሪ ራይት እንግሊዝ የተወለደ የክሪኬት ተጫዋች ነበር። ጋሼ ይህን ከእኔ ሲሰሙ አላመኑኝም።

ህንዶቹ ከሄዱ ቆይተዋል። ጋሼ ግን በ2016 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ከሚኒሶታ ደወሉ። አሜሪካ ዳላስ አጠገብ ፓኪስታንን አሸንፋ ነበር፤ ሜዳው ደግሞ ከቤዝቦል ወደ ክሪኬት የተቀየረ ነው። ይህ አበሳጭቷቸዋል፤ ያላለቀላቸው ግን ሌላ ነው።

“ሁለቱም 159 ከሆኑ፣ ሱፐር ኦቨር የሚሉት ምንድን ነው?”

ለየወገኑ 6 ኳስ ይሰጣል አልኳቸው። አሜሪካ 18 አገባች፤ ፓኪስታን 13። ለአሜሪካ የወረወረው ሙምባይ የተወለደ የኮምፒውተር መሐንዲስ ነው።

“ስድስት ኳስ ብቻ?” አሉ ጋሼ። “በእኛ ቤት አንድ ቡድን እስኪያሸንፍ ዙር እየተጨመረ ይኬዳል። አምስት ቀን ቆማችሁ የምትውሉ ሰዎች ምን አስቸኮላችሁ?”