ከመልካ ቁንጥሬ እስከ ቡታጅራ

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሀገር ሲጐበኝ ዐይኑ ብዙ ያያል፤ ልቡ ግን ያየውን ካላስተዋለ እንደ ወጣ ይመለሳል። እኛም ከቤተሰባችን ጋር ባደረግነው የአንድ ቀን ጕዞ ይህንኑ በራሳችን ላይ ስላየን፥ ሌላውን ቤተሰብ ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን እንጽፈዋለን።

በበዓለ ሃምሳ ውስጥ በዋለች አንዲት ቅዳሜ፥ ገና በማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሣን። ባለቤታችን፥ ሁለቱ ልጆቻችንና አረጋዊት እናታችን አብረውን ነበሩ። ሐሳባችን በአለም ገና በኩል ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ እስከ ቡታጅራ ሄደን፥ በመንገድ ያለውን ቅርስ ለልጆቻችን ልናሳይ፥ ለቤታችንም የማረቆ በርበሬና ጥቂት የሸክላ ዕቃ ልንገዛ ነበር።

በመጀመሪያ የቆምነው ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር በሚገኘው በመልካ ቁንጥሬ ነው። በዚያ ምድሩን ቈፍረው የመረመሩ ሊቃውንት ከ1 ሚሊዮን 700 ሺህ ዓመት በፊት የተሠሩ ናቸው የሚሏቸውን የድንጋይ መሣሪያዎች አግኝተዋል። ሥፍራውም እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ታናሹ ልጃችን ስለቱ የሚያብረቀርቀውን ጥቁር ባልጩት አይቶ «ይህን የሠራው ሰው እጁን አልቈረጠውምን?» ብሎ ቢጠይቅ ሁላችን ሳቅን።

ጥቂት ከሄድን በኋላ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ተገንጥለን አዳዲ ማርያምን ተሳለምን። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከአለት ተፈልፍላ የወጣች ናት፤ ትውፊትም ሥራዋን ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጣል። እናታችን ጫማቸውን አውልቀው ገብተው፥ የአለቱን ግድግዳ በመዳፋቸው እየዳሰሱ «ስንት እጅ ደክሞበት ይሆን!» አሉ።

ሦስተኛው ማረፊያችን በሶዶ ምድር የሚገኘው ጢያ ነበር። በዚያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ከእነዚህም 32ቱ ልዩ ልዩ ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። በብዙዎቹ ላይ የሰይፍ ቅርጽ ይታያል፤ የቀሩት ምልክቶች ትርጕም ግን አብዛኛው ገና አልተፈታም። ይህም ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እኛም እንደ መምህርነታችን ልማድ ለልጆቻችን ረጅም ትምህርት ሰጠን፤ አስጐብኚውንም «ጠራቢዎቹ እነማን ነበሩ? ስማቸውስ ማን ይባል ነበር?» እያልን ደጋግመን ጠየቅነው።

ከዚያ ተነሥተን ወደ ቡታጅራ ስንጓዝ፥ በመንገድ ዳር አንዲት ሴት የሸክላ ዕቃዋን በገለባ ላይ ደርድራ አየን። ቆምን፤ ባለቤታችንም አንድ ድስትና አንድ ጀበና መረጡ። ሴቲቱ ለሁለቱ 600 ብር ብትል እኛ 300 አልን። እርሷ ለእናታችን ጭቃው ከሩቅ በጀርባ እንደሚመጣ፥ ከተቦካና በእጅ ከተሠራ በኋላ በጥላ እንደሚደርቅ፥ በእሳትም ሲተኰስ የሚሰነጠቀው ብዙ እንደ ሆነ ስትነግራቸው፥ እኛ ሰዓታችንን እያየን ስለ ዋጋው እንከራከር ነበር። በመጨረሻም ወደ መኪናው መሄድ ስንጀምር ጠርታን በ350 ሰጠችን። እኛም በብልኀታችን ደስ ብሎን ተነሣን።

ጥቂት እንደ ሄድን ታላቂቱ ልጃችን ከኋላ ሆና «በጢያ የሞቱትን ሠራተኞች ስም ስትጠይቁ ነበር፤ የዚችን ሴት ስም ግን ማንም አልጠየቀም» አለች። በመኪናው ውስጥ ዝምታ ሆነ። እናታችንም ቀስ ብለው «ልጅቱ እውነት ተናገረች» አሉ። እኛ ግን ጊዜው እንዳይመሽብን ብለን ጕዟችንን ቀጠልን። በቡታጅራ በርበሬውን ገዛን፤ ከሴቲቱ ያስቀረነው 250 ብርም ምሳ በበላንበት ቤት ለለስላሳ መጠጥ አለቀ።

ስንመለስ ልንክሳት ቈርጠን በዚያው ሥፍራ ቆምን። ነገር ግን መሽቶ ነበርና ሴቲቱ ሄዳለች፤ የቀረው ገለባው ብቻ ነው። ስሟን ስላላወቅን በማን ስም እንጠይቅ? ዕዳችንን ይዘን ወደ ቤታችን ገባን።

በሀገራችን ሸክላ ሠሪ፥ ቀጥቃጭና ሸማኔ ለብዙ ዘመን ሲናቁና ክፉ ስም ሲወጣላቸው ኖረዋል፤ እንጀራችን የሚጋገረው ግን በእነርሱ ምጣድ፥ ነጠላችንም የተሠራው በእነርሱ እጅ ነው። ከ1882 እስከ 1906 ዓ.ም. የነገሡት ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከልክለዋል። ዐዋጁ ስድብን ይከለክል ይሆናል፤ እንደ እኛ ያለውን፥ ያለ ስድብ የሚደረገውን ንቀት ግን ማን ይከለክለዋል? የጥንቱን እጅ በመስተዋት ውስጥ እያከበርን የዛሬውን እጅ በመንገድ ዳር ካዋረድን፥ ለልጆቻችን ያሳየናቸው ድንጋይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ከልጆቻችሁ ጋር ሀገር ለማየት ስትወጡ ለአስጐብኚው እንደምታስቡ ለእጅ ሠራተኛውም ገንዘብና ጊዜ መድቡ። ስሙን ጠይቁ፤ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ልጆቻችሁ ከአፉ ይስሙ፤ ለድካሙ የሚገባውንም ሳትጐመጁ ስጡ። በእኛ ቤት ያ ጀበና ሳይሰበር አለ። በእሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ቡና ሲፈላበት፥ ታላቂቱ ልጃችን ሲኒውን እያቀበለች ቀና ብላ ታየናለች፤ እኛም የምታስበውን እናውቃለን።