ስለ ሰመመን ሐኪምና ስለ አንድ ኩባያ አጥሚት

በቀኝ ጎኔ፥ ከጎድን አጥንቴ በታች የሚወጋኝ ሕመም ሦስት ዓመት ያህል ሲመላለስብኝ ኖረ። እኔም መጀመሪያ ብርድ ነው፥ ቀጥሎም ቅቤ የበዛበት ወጥ ነው እያልሁ ስሸነግለው ቆይቼ፥ በመጨረሻ በአዲስ አበባ ካሉት ሐኪም ቤቶች ወደ አንዱ ሄድሁና በሐሞት ከረጢቴ ውስጥ ጠጠር መኖሩ ታወቀ። ሆዴ ተከፍቶ ከረጢቱ ከነጠጠሩ ይወጣ ዘንድ ቀን ተቆረጠልኝ። ዛሬ ለአንባቢዎቼ ልናገር የተነሣሁት ግን ስለ ቀዶ ጠጋኙ አይደለም፤ የርሱን ምስጋና ሁሉም ያውቀዋል። እኔ የምናገረው በሽተኛው ስሙን ሳይጠይቅ ስለሚሰናበተው ስለ ሁለተኛው ሐኪም፥ ይኸውም ስለ ሰመመን ሐኪም ነው።

በዋዜማው ማታ አንዲት ወጣት ሴት ወደ አልጋዬ መጥታ እጅ ነሥታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አስታማሚ መስላኝ ነበር። «የኔታ፥ ነገ የማስተኛዎትም የማነቃዎትም እኔ ነኝ» አለችኝና ትጠይቀኝ ጀመር። ከዚህ ቀደም ተቀድጄ እንደ ሆነ፥ ከዘመዶቼ በሰመመን መድኃኒት የተጎዳ እንዳለ፥ ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝ እንደ ሆነ፥ የማይስማማኝ መድኃኒት እንዳለ አንድ በአንድ ጠየቀች። ከዚያም አፌን አስከፍታ ወደ ጉሮሮዬ ተመለከተች፤ አንገቴን ወደ ኋላ አዘንብል አለችኝ፤ የሚነቃነቅ ጥርስ ፈለገች፤ አንድም አገኘች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ስጠይቅ የኖርሁ ሰው እንደ ፈረስ ጥርሴ ሲታይ ደስ አላለኝም። ምክንያቱን ስትነግረኝ ግን አፈርሁ። ሰው በጽኑ ሰመመን ሲተኛ ምላሱና ጉሮሮው ይላላሉ፤ ለእንዲህ ያለው ቀዶ ጥገና የሚሰጠው መድኃኒትም መተንፈሻውን ጡንቻ ያሰንፈዋልና፥ እርሷ በጉሮሮው ቱቦ አግብታ በርሱ ፈንታ ታስተነፍሰዋለች። ስለዚህ በሩ ጠባብ ወይም ሰፊ መሆኑን አስቀድማ ልታውቅ ይገባታል፤ የተነቃነቀውም ጥርስ ወልቆ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል።

«የባህል መድኃኒትስ ይወስዳሉ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ሳቅሁ። በቅኔ ቤት ሳለሁ፥ ልብ ይከፍታል ስለ ተባለ አስተናግር የገባበት አብሾ የጠጡ ተማሪዎች እንደ ነበሩ ነገርኋት፤ ማን ማን እንደ ጠጣ ግን አልነገርኋትም። አፋቸው ደርቆ፥ ዓይናቸው ፈጥጦ ሌሊቱን ሲለፈልፉ ያድሩ ነበር፤ በዚያ ሌሊት ከተዘረፈው ቅኔ አንዱ እንኳ ቤት አልመታም። እርሷም አልሳቀችብኝም። በአስተናግር ውስጥ የሚገኘው አትሮፒን የሚባለው ነገር ዛሬም በሣጥኗ ውስጥ መኖሩን፥ የልብ ምት እጅግ ሲዘገይ በመጠን ሰፍራ የምትሰጠው መሆኑን፥ አፍን የሚያደርቀውም እርሱ መሆኑን ነገረችኝ። በመጠን የሚለውን ቃል ስትናገር ድምጿን ከፍ አደረገች።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ስለ ማረከኝ ጥቂት አነበብሁ። በጃፓን አገር ሃናኦካ ሴይሹ የሚባል ሐኪም፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1804 ዓ.ም. የአስተናግር ዘመድ የሆነ ተክል የገባበት መድኃኒት አጠጥቶ፥ የአንዲት ሴት የጡት እጢ ቀደደ። ጃፓን በዚያን ጊዜ በሯን ዘግታ ትኖር ስለ ነበር ወሬው ወደ ሌላው ዓለም አልደረሰም። በአሜሪካ ሆሬስ ዌልስ የተባለ ጥርስ ነቃይ በ1845 ዓ.ም. በቦስቶን ከተማ በሐኪሞችና በተማሪዎች ፊት አንዱን በሽተኛ በጋዝ አደንዝዞ ጥርሱን ሲነቅል፥ በሽተኛው ስለ ጮኸ ሁሉም ሳቁበት። በማግሥቱ ዓመት፥ ኦክቶበር 16 ቀን 1846 ዓ.ም.፥ ዊልያም ሞርተን የሚባለው ሌላው ጥርስ ነቃይ በዚያው ከተማ ለአንድ ወጣት ኤተር አሽትቶት፥ ሽማግሌው ቀዳጅ ጆን ዋረን ካንገቱ ላይ እብጠት ቆርጦ አወጣ፤ ወጣቱም አልጮኸም። ከዚያ በፊት ቀዳጅ ሁሉ የሚመሰገነው በእጁ ፍጥነት ነበር፤ በሽተኛውን የሚይዙ ጠንካራ ሰዎች አብረው ይቆሙ ነበርና።

በ1847 ዓ.ም. በኤዲንብራ ሲምፕሰን የተባለው ሐኪም ለወላዶች ክሎሮፎርም መስጠት ሲጀምር፥ ሴት በጭንቅ ትወልድ ዘንድ ተወስኗልና ይህ ኃጢአት ነው የሚሉ ተነሡበት። እርሱም እግዚአብሔር ከአዳም ጎን አጥንቱን ከመውሰዱ በፊት ከባድ እንቅልፍ እንደ ጣለበት አስታውሶ መለሰላቸው። ይህ አተረጓጎም በኛ ጉባኤ ቢቀርብ ሳያከራክር አይቀርም፤ እኔ ግን ከተከራካሪዎቹ ወገን አልሆንም። ጆን ስኖው የተባለው እንግሊዛዊ ግን ይበልጥ ደስ ይለኛል። እርሱ ኤተርንና ክሎሮፎርምን በመጠን የሚሰጥበትን መሣሪያ ሠርቶ፥ ማስተኛትን ዋና ሥራው አድርጎ የያዘ ነው፤ በ1853 ዓ.ም. ንግሥት ቪክቶሪያ ስትወልድ ክሎሮፎርም የሰጣት እርሱ ነው።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ልበል። ሕዝቡ «ማደንዘዣ» ይለዋል። ደንዛዛ ስድብ ሆኖ ሳለ የዚህን ያህል ጥበብ በርሱ መጥራት ደስ አይለኝም። «ሰመመን» ይሻላል፤ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለ ነውና።

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ያችው ሐኪም ልትሄድ ስትነሣ፥ ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ምግብ እንዳልቀምስ፥ ንጹሕ ውኃ ግን ከሰዓቱ ሁለት ሰዓት በፊት ድረስ መጠጣት እንደምችል ነገረችኝ። እኔም «ልጄ፥ ጾምን ለኔ አታስተምሪኝ» ብዬ ተመካሁ።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታላቅ እኅቴ በጨለማ መጥታ ከነጠላዋ ሥር ቴርሞስ አወጣች። «በባዶ ሆድህ ልትታረድ ነውን?» አለችኝ። አጥሚቱን ስታማስል አድራ ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል። እንቢ ብል እንደምታለቅስ ስላወቅሁ አንድ ኩባያ ጠጣሁላት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን በተሽከርካሪ አልጋ ወሰዱኝ። በበሩ ላይ ያችው ሐኪም፥ ፊቷ ተሸፍኖ ዓይኖቿ ብቻ እየታዩ፥ «የኔታ፥ ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ምንም አልቀመሱም አይደለም?» አለችኝ።

ማታ የተመካሁትን አሰብሁ። በዙሪያዋ ተማሪዎች ቆመው ነበር። ስለ ጾም ሳስተምር የኖርሁ ሰው ከአንዲት ሌሊት ጾም ወደቅሁ ብሎ መናገር እንደ ሞት ከበደኝ። ለመዋሸት «አዎን» ማለት ብቻ በቃኝ ነበር፤ ቃሉም በምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ዓይኗን አየሁና፥ ይህች ልጅ እኔ በምነግራት ቃል ብቻ ተመርታ ልትሠራ መሆኑን አሰብሁ። «አንድ ኩባያ አጥሚት» አልሁ። ድምፄ የማይሰማ ሆኖ ደግሜ ተናገርሁ።

አልተቆጣችም። ወደ ቀዶ ጠጋኙ ሄዳ ተነጋገረችና ለነገ እንዲሆን አደረገች፤ እርሱ በመዘግየቱ እንዳልተደሰተ ከሩቅ አየሁ፤ እርሷ ግን ከቃሏ አልተመለሰችም። በኋላ እንደ ገለጸችልኝ፥ ንቁ ሰው ሲውጥም ሲያስመልሰውም ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ራሱ ይዘጋል፤ በሰመመን ያለ ሰው ግን በር ጠባቂውም አብሮት ይተኛልና በጨጓራው ያለው ወደ ሳንባ ይገባል። ለእንደ አጥሚት ያለ ምግብ ስድስት ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እኔ ያለፈኝ አራት ነበር። ኩርቲስ ሜንደልሰን የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም በ1946 ዓ.ም. በዚህ ምክንያት ስለ ተጎዱ ወላዶች ጽፏል።

በማግሥቱ፥ በእውነት ጾሜ፥ ገባሁ። በጣቴ ላይ ቀይ ብርሃን ያለበት ትንሽ ነገር አሰሩልኝ፤ በልቤ ምት ልክ ይጮኻል። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲጎድል ድምፁ እየወፈረ ይወርዳል አለችኝ፤ ስለዚህ ዓይኗ ሌላ ቦታ ቢሆንም ጆሮዋ ከዚያ አይለይም። ዜማ ለተማረ ሰው ይህ እንዴት ደስ አያሰኝ! ቁጠሩ ብትለኝ በግዕዝ አሐዱ፥ ክልኤቱ፥ ሠለስቱ አልሁ፤ አርባዕቱን ማለቴን አላስታውስም።

ስነቃ እርሷ በራስጌዬ ነበረች። ሕመሜን ከዜሮ እስከ አሥር በቁጥር እንድነግራት ጠየቀችኝ። ወንድ ልጅ ሕመሙን አይቆጥርም ብዬ «ሁለት» አልሁ። «እንግዲያውስ በኃይል ያስሉ» አለችኝ። ሞከርሁ፤ ጎኔ እንደ ጨርቅ የተቀደደ መሰለኝና በመካከሉ ቀረሁ። «ይህ ሁለት አይደለም፥ የኔታ። ሕመሙን ፈርተው በጥልቅ ካልተነፈሱ የሳንባዎ ታች ይዘጋል፥ ከዚያም የሳንባ ምች ይከተላል። መድኃኒቱን የምሰጥዎት ላቀማጥልዎት አይደለም» አለችኝ። ሰባት አልሁ። መድኃኒቱንም ሰጠችኝ፤ ትራስ በቁስሉ ላይ አቅፌ ማሳልንም አስተማረችኝ፤ ከዚያም ሌላውን ልታስተኛ ሄደች። በአገራችን ይህን ሥራ በብዙ ቦታ የሚሠሩት ዶክተር ያልሆኑ፥ ለዚሁ የሠለጠኑ የሰመመን ባለሙያዎች ናቸው፤ እነርሱም ሲነቃ ማንም ስማቸውን አይጠይቅም።

እንድበላ በተፈቀደልኝ ቀን እኅቴ ቴርሞሷን ይዛ መጣች። በጉልበቷ ላይ አድርጋ አጥብቃ ይዛዋለች። ኩባያዬን ስዘረጋላት ወደ በሩ እያየች፥ «ቆይ፥ ያችን ልጅ ልጠይቃት» አለችኝ።