ቅሬው ቴሌግራም ሲገባ

የወሎ ሰው ዕድር ሳይሆን ቅሬ ነው የሚለው። ወልድያ፣ መርሳ፣ ሀብሩ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። መዋጮ አለ፣ ድንኳን መትከል አለ፣ ለቅሶ የቀረ ይቀጣል። አባልነት ማለት ይኸው ነው።

ወልድያ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ስትያዝ አካባቢው ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆረጠ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ውጭ ያለው ሰው የእናቱን መኖርና መሞት የሚሰማው ከተፈናቃይ አፍ ነበር። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የመርሳ ልጅ የሰፈሩን ቅሬ በቴሌግራም ለማሰባሰብ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

ግሩፑን ከፈተ፣ ሊንኩን በተነ። በሳምንቱ ቅሬው ከነጭራሹ የማያውቀው ሰው ሁሉ ገብቶ ተገኘ፤ ጫማ ሻጭ ሳይቀር። የመጀመሪያው የሞት ዜና ሲመጣ "ነፍስ ይማር" የሚለው መልእክት ማለቂያ አጣ። መዋጮ ሲጠየቅ ግን ግሩፑ ጭር አለ። ለማዘን ጣት ይበቃል፣ ለመቅበር ትከሻ ይጠይቃል።

ልጁ ተናደደ እንጂ አልተወውም። ሊንኩን ዘጋ። ገንዘብ ያዡ የቅሬውን መዝገብ በስልክ እንዲያነብለት አደረገና ስም በስም እያመሳከረ ያልተመዘገበውን አስወጣ። የተቀየመ ብዙ ነው። የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፤ እሱ ጋ የቀረው ስድሳ የማይሞላ ሆነ። ያኔ ነው ሥራ የጀመረው፤ የገባው ገንዘብ ከነደረሰኙ ፎቶ ይለጠፋል፣ ሳዑዲ ያለውም ድርሻውን ይልካል።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ግሩፑ አልሞተም፣ እንዲያውም ደመቀ። የጠፉት ግን መርሳ ያሉት ናቸው። ይህን ልብ ያለ አልነበረም፤ አዲስ አበባና ጅዳ ያሉት እርስ በርስ እየተወያዩ "ቅሬው እንዲህ ይላል" ማለት ጀመሩ።

አንድ ቀን የቅሬው ተቀማጭ ለደኅንነቱ ሲባል አዲስ አበባ ባለ ሰው ስም ይዛወር የሚል ሐሳብ ቀረበ። "የሚቃወም ካለ ይናገር" ተባለ። የተናገረ የለም። በየትኛው ኔትወርክ ይናገር? ሐሳቡን ያመጣው ሰው ክፋት አልነበረውም፤ ለዚህም ነው ነገሩ ይበልጥ የሚያስፈራው።

ልጁ ስልክ በሠራ ዕለት የቅሬውን ዳኛ አገኛቸው። ሽማግሌው ሰምተው ሲያበቁ፣ "ልጄ፣ እኛ መች ሰማንና ነው እሺ ያልነው?" አሉት።

"እኔም ዝም ብዬ ነበር፣ አባባ" አለ። ይህን መናገሩ ቀላል አልነበረም።

ገንዘቡ ባለበት ቀረ። አሁን ግሩፑ አናት ላይ የተሰካው መልእክት ሦስት መስመር ነው። ግሩፑ ይጠይቃል እንጂ አይወስንም። የሚወስነው መርሳ ላይ የሚቀመጠው ሸንጎ ነው። መልስ በስልክ እስኪመጣ፣ ወር ቢፈጅም፣ ይጠበቃል።

ሦስቱ ሰዎች በዚህ ተበሳጭተው ወጥተዋል። ሁለቱ መዋጯቸውን እስካሁን ይልካሉ።