ባትሪ ገዢውና አብራሪው

ነፋስ መውጫ ገበያ ባትሪ የሚሸጠው በቀትር ነው። ገዢው ቁልፉን ይጫናል፣ አምፑሉን አፍጥጦ ያያል፣ ዓይኑን ሲወጋው «ይሄስ ያበራል» ብሎ ገንዘቡን ይቆጥራል። አንድ ሽማግሌ ግን ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ተከናንበው፣ ባትሪውን እዚያው ውስጥ አብርተው መዳፋቸውን ሲመለከቱ አየሁ። ሻጩ ልጅ ሳቀ።

«አያ፣ እዚያ ውስጥ ምን ይታያል?»

«ማታ የማየው ነዋ!»

ሁለት ሦስቱን መለሱለት። አንዱ መሐል ላይ ብቻ ያነጥባል፤ ሌላው ዙሪያውን ሰማያዊ ጥላ ይጥላል። የያዙት ብርሃኑን በእኩል የሚበትነውን ነው፤ በዋጋም ከሁሉም ይረክስ ነበር።

*

ለጨለማ የሚያስበው ሽማግሌው ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካ የበረራ ሕግም በትልልቅ አውሮፕላኖችና ከአንድ በላይ የተርባይን ሞተር ባላቸው ላይ ባትሪ እንዲኖር ያዝዛል። የባትሪው መለኪያ «ቢያንስ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ የሚጎርስ ወይም ከዚያ የማያንስ፣ በደንብ የሚሠራ» ነው። ትልቅ ድንጋይ የተባለው መካነ ኢየሱስም ወገዳም ሱቅ ላይ የተደረደረው፣ አባቶቻችን በነጭ ቆርቆሮ ባትሪያቸው ውስጥ ይጨምሩት የነበረው ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ነው። ሕጉ ስንት ሜትር ያብራ፣ ስንት ሉመን ይኑረው አይልም። ሱቅ ስንገባ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ስንት ሜትር ይመታል?» ነው። መቼ ይከዳኛል ብሎ የሚጠይቅ ብዙም አላጋጠመኝም።

*

ትንሽ አውሮፕላን የሚያበር ሰው ባትሪውን ከሁሉ በፊት የሚፈልገው መሬት ላይ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የአንበጣ መንጋ አገር ሲያዳርስ፣ ኬሚካል ከሚረጩት መካከል ትንንሽ አውሮፕላኖች ነበሩበት። አንበጣ ፀሐይ ሳይሞቀው ካደረበት አይነሣም፤ ስለዚህ ርጭቱ የማለዳ ሥራ ነው። ለማለዳ ሥራ የሚነሣ አብራሪ ክንፉን፣ ጎማውን፣ የሞተር ዘይቱን የሚፈትሸው ገና በድንግዝግዝ ነው። በፒስተን ሞተር የሚሠራ አውሮፕላን ከሆነ ከታንከሩ ሥር ጥቂት ነዳጅ በብልቃጥ ይቀዳና በባትሪ ያየዋል። የእነዚህ አውሮፕላኖች ቤንዚን ሆን ተብሎ ሰማያዊ ቀለም ይገባበታል። ውኃ ከገባበት ከሥር ይዘቅጣል፤ ድንበሩም በግልጽ ይታያል። እዚህ ላይ ነጭ ብርሃን የግድ ነው፤ በቀይ ባትሪ ሰማያዊ ቀለም አይለይም።

*

ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ግን ያው ነጭ ብርሃን ጠላቱ ይሆናል። የሰው ዓይን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ 30 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ የለመደውን ለማጥፋት አንድ ብልጭታ ይበቃል። ቆላ ስማዳ ማሽላ የሚጠብቅ ሰው ይህን ያለ መምህር ያውቀዋል። ከማማው ላይ ሆኖ ኃይለኛ ባትሪ ቦግ ካደረገ ከርከሮው ይሸሻል፤ እሱም ባትሪውን ሲያጠፋ ከማማው የሚወርድበት መሰላል አይታየውም። ስለዚህ ጥሩ ጠባቂ በጆሮው ይጠብቃል፣ ባትሪውን የሚያበራው ኮሽታ ሲሰማ ነው። ጥሩ አብራሪም ካርታውን የሚያነብበት ብርሃን ደብዛዛ ነው። መጀመሪያ ሲጫኑት በደብዛዛው የሚጀምር ባትሪ ዋጋ አለው፤ በሙሉ ኃይሉ ጀምሮ፣ ደብዛዛው ላይ ለመድረስ በብልጭ ድርግሙ ሁሉ የሚያዞር ባትሪ ግን በነጻም አይወሰድ።

*

ብዙ አብራሪዎች ለሌሊት ቀይ ብርሃን ይመርጣሉ፤ የዓይንን የጨለማ ልማድ እምብዛም አይጎዳም። እንከኑ፣ በካርታው ላይ በቀይ የተሰመረው ሁሉ በቀይ ብርሃን ሲያዩት መጥፋቱ ነው። ቀይ መስታወት ያለው ባትሪ ለመግዛት አቅም ያነሰው ሰው ነጩን ባትሪ በጣቶቹ ይሸፍነው፤ በጣት መሐል የሚያልፈው ብርሃን ቀላና ደብዘዝ ያለ ነው። የተኛ ሕፃን ላለመቀስቀስ እናቶች ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነው።

*

የጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ከየአገሩ የተሰበሰቡት ደቀ መዛሙርት የቃሉን ትምህርት የሚቀጽሉት በጨለማ ነው፤ መምህሩ ይሰጣሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፣ መብራት የሚጠይቅ የለም። የበረራ ተማሪም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «የነዳጁ መዝጊያ የት ነው? የመብራቱስ ቁልፍ?» እየተባለ በእጁ እንዲያገኝ ይደረጋል። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስቀድመው የተቀበሉ ናቸው። ባትሪ የሚጠቅመው ያወቀውን ነው፤ የት ምን እንዳለ ያላወቀ ሰው በባትሪም ይደናበራል።

*

ላሟ ሌሊት ስትወልድ ገበሬው ሁለት እጁ ጥጃው ላይ ነው፤ ባትሪው ጥርሱ ውስጥ ይገባል። አብራሪውም አንድ እጁ መሪው ላይ፣ ሌላው ሬዲዮው ላይ ነው፤ የእሱም ባትሪ መጨረሻው ጥርሱ ነው። ባለ ሁለት ትልልቅ ድንጋዩ የቆርቆሮ ባትሪ ደግሞ መንጋጋ ያዝላል። አንድ የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ የምትጎርስ ትንሽ ባትሪ እዚህ ላይ ከትልቁ ትበልጣለች። በግንባር የሚታሰረው ለላሟ ወደር የለውም፤ ለአብራሪው ግን ዞር ባለ ቁጥር መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል፣ አጠገቡ የተቀመጠውንም ሰው ዓይን ይመታል።

*

«አባ፣ ይሄኛው እኮ ሬዲዮም አለው።»

«ማኅሌት ላይ ዜና ቢጀምርስ?»

ሻጩ ልጅ ለካህኑ መልስ አልነበረውም። አብራሪ ገዢ ቢመጣ ሌላም ጉድለት ያገኝበት ነበር፦ ሬዲዮ ያለው ባትሪ ድምፅ ማጉያ አለው፣ ድምፅ ማጉያው ውስጥ ደግሞ ማግኔት አለ። ዛሬ ከብረት ላይ እንዲጣበቁ ማግኔት ቂጣቸው ላይ የተሠራላቸው ባትሪዎችም በርክተዋል፤ ለመካኒክ የተመቹ ናቸው። በትንሽ አውሮፕላን ኮምፓስ አጠገብ ቢቀመጡ ግን መርፌው አቅጣጫውን ይስታል። መብራት ሁሉ ሲጠፋ አብራሪው ከሚተማመንባቸው ነገሮች ያ ኮምፓስና ባትሪው ይገኙበታል፤ እነሱ ከተጣሉበት ምን ይውጠዋል?

*

ቻርጅ የሚደረጉት ባትሪዎች ላይ የተጻፈ ቁጥር ለማንበብ ደስ ይላል። አውራ ጣት የምታክል ሊትየም ድንጋይ ላይ «9,900» ይለጠፋል። ደህና ፋብሪካ የሠራት የዚያው መጠን ድንጋይ ከ3,500 ሚሊአምፒር ሰዓት ብዙም አትዘልም። ቁጥሩን የጻፈው ሰው ማንም ከፍቶ እንደማይለካ ያውቃል። ደግሞስ የት ቻርጅ ይደረጋል? መብራት በሌለበት ቀበሌ ባትሪው ገበያ ወርዶ፣ ከፍሎ፣ ተሰልፎ ሞልቶ ይመለሳል። ተራው ድንጋይ ግን ጨው የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ አለ።

ተራው ድንጋይም ያለ ነውር አይደለም። ቆርቆሮው ራሱ ዚንክ ነው፤ ባበራ ቁጥር እየተበላ ይሳሳል፣ መጨረሻ ላይ ይቀደድና ባትሪውን ያዝገዋል። ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የነፋስ መውጫ ብርድም ጉልበቱን ይቀንሰዋል። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ የሚያሰጡ ሰዎች ልማድ ብቻ አይደለም የሚነዳቸው፤ ሙቀቱ የቀረችውን ኃይል ትንሽ ያነቃቃታል። ግን የተሰጣ ድንጋይ ይዞ ሌሊት ገደል አይኬድም፤ አውሮፕላን ላይማ አይወጣም። የማይሠራበት ባትሪ ድንጋዩ ወጥቶ ይቀመጥ፤ ይህች ብቻ የባትሪን ዕድሜ ታረዝማለች።

*

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሌሊት ለሚበር የንግድ አውሮፕላን ያወጣው ደንብ አለ፦ በእያንዳንዱ የበረራ ሠራተኛ መቀመጫ የየራሱ የእጅ መብራት ይኑር። ለዋናው አብራሪ አንድ ገዝቶ ረዳቱ ይዋሰው አይባልም። ባትሪ የሚቆጠረው በሰው ነው።

በእኛ ቤት ግን ባትሪ የሚቆጠረው በቤት ነው። አባወራው ለከብት ጥበቃ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ሰዓታት ሲወጣ ባትሪውም አብሮ ይወጣል። ሊነጋጋ ሲል ምንጭ የምትወርደው እመቤት፣ ሌሊት ሕፃን የታመመባት እናት፣ ያላት ብርሃን የባለባትሪ ስልክ ጭላንጭል ነው፤ እሱም ቻርጅ ካለው። ስለዚህ «አንድ ውድ ልግዛ ወይስ ሁለት ርካሽ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ እንደ አውሮፕላኑ ደንብ ነው፦ ሁለት ርካሽ፣ አንድ ዓይነት ድንጋይ የሚጎርሱ፣ አንዱ ሲደክም ከሌላው የሚበደር። ሁለተኛዋ ከገበያ እንደገባች ሚስቱ እጅ ላይ ካልደረሰች ግን፣ ሰውዬው የገዛው ለራሱ መለወጫ ነው።