መርከቦቹ ከሄዱ በኋላ

አምስተርዳምን የሚጎበኙ ወይም እዚያ የሚኖር ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄዱ ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ በቦዮቹ ዳር ተንሸራሽረው፣ አንድ ሁለት ሙዚየም አይተው፣ አይብ ሸምተው ይመለሳሉ። ግማሽ ቀን ከተረፈዎት ግን በዋናው ባቡር ጣቢያ በስተጀርባ ይውጡ። ኤይ በተባለው ሰፊ ውኃ ዳር እግረኛና ብስክሌተኛ በነፃ የሚያሻግሩ ጀልባዎች ያገኛሉ። ኤንዴኤስኤም የሚል የተጻፈበትን ይሳፈሩ። ጉዞው ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ለልጆች ጃኬት መያዝዎን አይርሱ፤ የውኃው ላይ ነፋስ በበጋም ይበርዳል።

ከጀልባው ሲወርዱ ሰማይ የሚነካ የሚመስል ክሬን፣ ከብረትና ከመስታወት የተሠሩ ግዙፍ አዳራሾች፣ ወደ ውኃው የሚንደረደር የኮንክሪት ተዳፋት ይቀበልዎታል። ተዳፋቱን ለልጆችዎ ያሳዩዋቸው። መርከብ ተሠርቶ ሲያልቅ ወደ ውኃው ተንሸራትቶ የሚገባው በእሱ ላይ ነበር።

ብረት ይበየድ በነበረበት ዘመን

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1894 የመርከብ ግንባታ ኩባንያ በአምስተርዳም ሲቋቋም ነው። ኩባንያው ቆይቶ ወደዚህ ሰሜናዊ ዳርቻ ተሻገረ፤ በ1946 ደግሞ መርከብ ከሚጠግን ሌላ ድርጅት ጋር ተዋሐደ። ኤንዴኤስኤም የሚለው ምሕጻረ ቃል የመጣው ከዚህ ውሕደት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዓለም መርከብ በጣም ይፈልግ ስለነበር ሥራው ደራ። በአንዱ አዳራሽ ላሜራ ይቆረጣል፣ በሌላው ይበየዳል፤ ክሬኖቹ አንስተው ተዳፋቱ ላይ ይገጣጥሙታል። በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች እንጀራ የሚበሉት ከዚህ ነበር። በአቅራቢያው ያለው ቱይንዶርፕ ኦስትዛን የተባለው ሰፈርም ለሠራተኛ ቤተሰቦች የተሠራ ነው።

የ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ ይህን ሁሉ ለወጠው። የትላልቅ ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ፍላጎት ወደቀ፤ ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ በርካሽ ዋጋ ገበያውን ወሰዱት። በ1984 ኤንዴኤስኤም ከሰረና ተዘጋ። ሰዉ ወጣ፣ አዳራሾቹ ባዶ ቀሩ።

በአዳራሽ ውስጥ የተሠራች ከተማ

ባዶውን ቦታ መጀመሪያ የተጠጉት ገንዘብ ያላቸው ሳይሆኑ፣ ርካሽ ጣሪያ የሚፈልጉ ሠዓሊዎች፣ አናጢዎች፣ የቴአትር ሰዎችና በሰሌዳ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ነበሩ። በኋላም ከከተማው አስተዳደር ጋር ተስማምተው ትልቁን አዳራሽ ወደ ሥራ መለሱት። ያደረጉት ነገር ቀላልና ብልህ ነው። 20,000 ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን አዳራሽ በሙሉ ማደስና ማሞቅ ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ስለዚህ አዳራሹን እንደ ጃንጥላ ተጠቅመው በውስጡ የብረት አጽም አቆሙ፤ ግድግዳውን፣ በሩንና መስኮቱን እያንዳንዱ ተከራይ በራሱ እጅና ኪስ ሠራ። ዛሬ ሲገቡ ከጣሪያ ሥር ጎዳና፣ ፎቅና ደረጃ ያለው ሰፈር ያያሉ። የኪነ ጥበብ ከተማ ይሉታል።

የብየዳ አዳራሹ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ስትራት የተባለ የጎዳና ሥዕል ሙዚየም ሆኗል። ግድግዳ የሚያክሉ ሸራዎች ተንጠልጥለውበታል፤ ብዙዎቹ የተሣሉት እዚያው ውስጥ ነው። ልጅ ይዘው ሙዚየም መግባት የሚያስፈራዎት ከሆነ በዚህ ይጀምሩ፤ ቦታው ሰፊ ነው፣ ቀለሙም ልጅን ይይዛል። በውጭው ግድግዳ ላይ ብራዚላዊው ኮብራ የሣለውን ግዙፍ የአን ፍራንክ ምስል ሳያዩ አይለፉ።

አሮጌው አዲሱን ተሸክሞ

በውኃው ዳር ክሬኖች ይመላለሱበት የነበረ 270 ሜትር ርዝመት ያለው የኮንክሪት መሄጃ አለ። ሊፈርስ የነበረውን ይህን መዋቅር አርክቴክት ትሩደ ሆይካስ ለቢሮ መሠረትነት አዋለችው። በ2007 የተጠናቀቀው የመስታወት ሕንፃ ከአሮጌው ኮንክሪት 3 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በቀጫጭን ምሰሶዎች ላይ ቆሟል። ከሩቅ ሲያዩት የተንሳፈፈ ይመስላል። ከክሬኖቹ አንዱ ደግሞ ሦስት ክፍሎች ብቻ ያሉት ሆቴል ሆኗል። ማደሩ ለኪስ ይከብዳል፤ ከታች ቀና ብሎ ማየቱ ግን ነፃ ነው።

ሲርብዎት ከኮንቴነሮች ወደተሠራው ፕሌክ ምግብ ቤት ይሂዱ፤ ፊት ለፊቱ ልጆች የሚጫወቱበት አሸዋ አለ። ጉዞዎ ኤይ ሃለን ከተባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ጋር ከገጠመ ዕድለኛ ነዎት። በተመረጡ ቅዳሜና እሑዶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሻጮች ከመጻሕፍት እስከ ሸክላ ዘርግተው ያገኛሉ። ቀኑን አስቀድመው ያጣሩ፤ ዋጋ መከራከርም ያምርበታል።

ማን ይቆያል?

ይህ ሁሉ ውበት ግን የራሱን ጥያቄ ይዞ መጥቷል። ሠዓሊዎቹ ሰፈሩን ሲያደምቁት ሆቴልና ቢሮ ተከተለ፤ አሁን በዙሪያው ረጃጅም አፓርታማዎች እየተነሱ ነው። ሰፈር ሲወደድ ኪራይ ይከተላል። ርካሽ ጣሪያ ፍለጋ የመጡት፣ ቦታውን በእጃቸው ያስወደዱት ሰዎች እስከ መቼ ይችሉታል? ሕንፃዎቹ እንኳ በቅርስነት ስለተመዘገቡ በቀላሉ አይፈርሱም። በውስጣቸው ለሚሠራው ሰው ግን የቅርስ መዝገብ የለውም።

ስለዚህ ሲጎበኙ ፎቶ አንስተው ብቻ አይመለሱ። የተከፈተ የሥራ ክፍል ካገኙ ጎራ ይበሉ፣ የሚሠራውን ይጠይቁ፣ ከቻሉም አንድ ነገር ይግዙ። አዳራሾቹ ከመፍረስ የዳኑት ሥራ ስለገባባቸው ነው፤ ነገም የሚያቆማቸው ይኸው ነው።