ከልጆች ጋር ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ መቼ እንሂድ?

በከተማ ልጅ የምታሳድግ ሠራተኛ እናት በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ አንድ ጥያቄ ይጠብቃታል። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው፤ ከመሥሪያ ቤትም የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድ አለ፤ ልጆቹም «አያታችን ዘንድ የምንሄደው መቼ ነው?» እያሉ ይወተውታሉ። የአያት አገር ምሥራቅ ጎጃም የሆነ እንደሆነ ጥያቄው ይከብዳል። ምክንያቱም ልጆቹ የሚያርፉባቸው ሐምሌና ነሐሴ ያንን አገር ለማየት ከወራት ሁሉ የማይመቹት ናቸው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣችኝ ስዊድን አገር ስቶክሆልም ከተማ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ናት። በቅርቡ ደውላ «ልጆቼን ይዤ ለመምጣት ወር ምረጪልኝ» አለችኝ። በእርሷ አገር የወቅት ምርጫ ሰውን ብዙ አያስጨንቅም። በስቶክሆልም በሰኔ አጋማሽ የቀኑ ርዝመት ወደ 18 ሰዓት ተኩል ይደርሳል፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ 6 ሰዓት ያጥራል። ስለዚህ በረዶ ላይ መንሸራተት ከሚወዱት በቀር ጎብኚው ሁሉ ሰኔንና ሐምሌን ይመርጣል። ሠራተኛውም ተማሪውም የሚያርፈው በዚያው ጊዜ ነው። እዚያ ፀሐይና ትምህርት ቤት የተስማሙ ይመስላል። እኛ ዘንድ ግን ትምህርት ቤት በሩን ሲዘጋ ሰማዩ ይከፈታል።

ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኙ ደጋ ቀመስ ከተሞች ናቸው። ከአዲስ አበባ ቢቸና ወደ 265፣ ሞጣ ወደ 370 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። ጎሐ ጽዮን ከደረሱ በኋላ መኪናው ወደ ዓባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና በሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል። መኪና የሚያናውጠው ልጅ ያላት እናት ይህን ጠመዝማዛ አስባ ቁርሱን ቀለል ታድርግለት፤ ፌስታልም ከእጇ አይለይ። ከደጀን በኋላ የደብረ ማርቆሱን መንገድ ወደ ግራ ትቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ቀድሞ ጠጠር ነበር፤ አሁን አስፋልት ነው። ብዙ የከተማ እናቶች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያስ ክረምትስ ቢሆን ምን ገዶን» ይላሉ። እኔም ብዬ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሁለት ልጆቼን ይዤ ሄድኩ። እስከ ሞጣ ድረስ አንዳች ችግር አልገጠመንም። የእናቴ ቤት ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ አስፋልቱም ከዚያ አይደርስም። ያ አገር ዋልካ አፈር የበዛበት ነው፤ ዋልካ ደግሞ ዝናብ ሲጠጣ እግርን ጨምድዶ ይይዛል። የትንሹ ልጄ ጫማ ጭቃው ውስጥ ሰጥሞ ቀረ፤ እርሱ በአንድ እግሩ ቆሞ ሲያለቅስ አንድ የሰፈሩ ጎረምሳ በትከሻው ተሸክሞ አደረሰልን። በቆየንባቸው ስምንት ቀናት ልጆቹ ከምድጃው ዳር ብዙ አልራቁም። ጉም ስለሚውል አገሩን እንኳ በቅጡ አላዩትም።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱን ያወቅሁት ከተመለስኩ በኋላ፣ ከጎረቤት አፍ ነው። እናቴ እኛን ለማስተናገድ ሁለት ቁና ጤፍ ተበድራ ኖሯል፤ የምትመልሰውም ታኅሣሥ፣ አዲሱ ሲገባ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ገበሬው ጎተራውን ጠርጎ የሚጨርስበት፣ እርሻውም አረሙም የሚበረታበት ጊዜ ነው። እንግዳ መጣ ተብሎ ደግሞ እንጀራው አይሳሳም፣ ዶሮውም አይቀርም። እኛ ከከተማ ስኳርና ሳሙና ይዘን ስንሄድ የረዳን ይመስለናል። በክረምት የግድ መሄድ ካለብሽ፣ እህቴ፣ ስኳሩን ቀንሰሽ ከሞጣ ገበያ ጤፍ ገዝተሽ ግቢ። «ለእኛው ለራሳችን ነው» በይ እንጂ «ለእናንተ ነው» አትበይ፤ ያስቀይማል።

መስከረም ለዓይን ከሁሉ ይበልጣል። አደይ አበባው ሜዳውን ያለብሰዋል፤ ዝናቡ ይሸሻል፤ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ የባቄላ እሸት አለ። ነገር ግን ትምህርት ቤት የሚከፈተው ያኔውኑ ነው፤ የመማሪያ መጽሐፍና የደብተር ወጪውም ገና ትኩስ ነው። ለትምህርት ያልደረሰ ሕፃን ያላት እናት ግን ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለውን ጊዜ አታሳልፈው። ለዚህች እናት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ቆላው ዓባይ ሸለቆ ከክረምት በኋላ የወባ ትንኝ የሚበዛበት ነውና በመንገድ ማደር ከመጣ ከወንዙ አጠገብ ሳይሆን ወደ ደጋው ወጥቶ ማደር ይሻላል።

ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳ ወራት ናቸው። የምሥራቅ ጎጃም ነጭ ጤፍ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የታወቀ ነውና የከተማ ልጅ በየቀኑ የሚበላው እንጀራ ከየት እንደሚመጣ በዓይኑ ሊያይ ከፈለገ ጊዜው ያኔ ነው። የሽምብራ እሸትም ይደርሳል፤ ማርም አዲስ ይቆረጣል። ሌሊቱ ግን ውርጭ አለው። ለልጆች ወፍራም ሹራብና ካልሲ የግድ ነው፤ ብርድ ልብስ ከአያት ቤት አይጠበቅም፤ ቢኖርም የእርሷን ነጥቆ መልበስ ይሆናል።

የእኔ ምርጫ ጥር ነው። ጥምቀት አለ፤ ጥር 18 የጊዮርጊስ በዓል ይከተላል፤ እህሉ ይወቃል፤ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ሠርግ ይደገሳል። የመንፈቀ ዓመት የትምህርት ቤት ዕረፍትም ብዙውን ጊዜ ጥር መጨረሻ ላይ ይውላል። አጭር ቢሆንም ለአንድ ሳምንት ጉዞ ይበቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ አለው። ከዚህ ላይ አምስቱን ለጥር ማስቀረት የሚቻል ይመስለኛል፤ የሥራ ባልደረቦች ሁሉ በነሐሴ ሲሻሙ የጥሩን ፈቃድ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በጥር መንገዱ ደረቅ ስለሆነ ልጆችን እግረ መንገድ የሚያሳዩት አይታጣም። የቢቸና አካባቢ አርበኛው በላይ ዘለቀ ጠላትን የተዋጋበት አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ማርያም የቆዩ የትምህርት ደብሮች ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በሁለቱም ተምረዋል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበች እናት የዲማን ስም ስትሰማ ለልጇ የምታወራው አታጣም። ከሞጣ በስተሰሜን ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳበ ሲሻገር ኖረ። በ1994 ዓ.ም. የተሰበረው ክፍል በብረት ተገጠመ፤ ብዙም ሳይቆይ የክረምት ሙላት ስላበላሸው በኋላ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። የእግር መንገዱ ረጅም፣ ቁልቁለቱም ብርቱ ነው። ትናንሽ ልጆች አይችሉትም፤ ክረምት ላይማ አይታሰብም።

ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ አቧራማና ደረቅ ነው፤ ሁዳዴም በዚያ ውስጥ ያልፋል። ፋሲካን ከአያት ጋር መዋል ለሚፈልግ ግን ይህን ሁሉ ያስረሳል። ለሙስሊም ቤተሰቦች ነገሩ ሌላ ነው። ዒድ በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ አንድ ዓመት በጭቃ፣ ሌላ ዓመት በእሸት ጊዜ ይውላል፤ ስለዚህ የጥቂት ዓመታቱን ቀድሞ ቆጥሮ ዒድ በበጋ የሚውልበትን መምረጥ ነው።

ከወቅቱ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ ደግሞ አለ። በአማራ ክልል ግጭቱ ከተባባሰበት ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክም ሲቋረጥ ታይቷል። ስለዚህ ከመነሣት በፊት ለዘመድም ለአውቶቡስ ሠራተኛም መደወል፣ አጠራጣሪ ሲሆንም ቲኬቱን መተው ነው። ጥሩ ወር ቀርቶ ክፉ ወርም ቢሆን፣ ልጅ ይዞ መሐል መንገድ ላይ መቅረት አይገባም።

ለእህቴ ጥርን ነገርኳት። አልሆነላትም። የስዊድን ትምህርት ቤት በመካከል ተማሪ በቀላሉ አይለቅም፤ የሚለቀቁት በፈረንጆች ገና፣ ከታኅሣሥ 11 ገደማ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ያህል ነው። እኛ ገናን በታኅሣሥ 29 ስናከብር የእርሷ ልጆች ተመልሰው ስቶክሆልም ይሆናሉ። የሚቆዩባቸው ቀናትም በሙሉ የጾም ናቸው።

ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ጥቂት ዝም አለች። «ሕፃናት አይጾሙም፤ ወተቱ አለ» አለች። «ለእሷም ማሩ ይኖራል፣ ሽምብራው ይደርሳል፣ ጤፉም የራሴ ነው። ብቻ በሐምሌ አትምጣብኝ።»

ቲኬቱ ተቆርጧል። አሁን የቀረው መንገዱን መጠየቅ ነው።